ለድንጋዩ የተገኘ ጊዜ

ትልቅ ሰው ሲጫወት ማየት ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል። ገበጣ ዘርግቶ ወይም ዳማ ይዞ ብናየው ምንም አንልም፤ ከፊቱ ሌላ ትልቅ ሰው ተቀምጧልና ነገሩ ወግ ይመስለናል። ብቻውን ተቀምጦ በልጆች መጫወቻ ቤት ሲሠራ፣ ሠርቶም ሲያፈርስ ካየነው ግን «ምን ነካው?» እንባባላለን። ሥራ ፈትነት ነው የሚል አለ፤ እርጅና ነው የሚልም አለ። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ሁለተኛውን ሰው ነው። በወጣትነቱ የወደደውን ጨዋታ አርባ ዓመት ርቆት ኖሮ በስተርጅና ሲመለስበት ዕድሜውን እያባከነ ነው ልንል እንችላለን? የምንል ከሆነስ የባከነው ምንድን ነው? የባከነበትስ ማን ነው?

ነገሩን በደፈናው ከምንነጋገርበት አንድ የተወሰነ ጨዋታ ይዘን ብናየው ይሻላል። ጨዋታው የጀርመን አገር ነው። መሥሪያዎቹ «ድንጋይ» ይባሉ እንጂ ከተራራ የተጠረቡ አይደሉም፤ የኳርትዝ አሸዋ፣ የጠመኔ ዱቄትና የተልባ ዘይት ተደባልቆ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የደረቀ ነው። ቀለማቸው ሦስት ነው። ቀዩ ሸክላ ጡብን፣ ቢጫማው የኖራ ድንጋይን፣ ሰማያዊው የጣሪያ ንጣፍ ድንጋይን እንዲመስል ተደርጓል። በትልቁ ዓይነት መሠረታዊው ልክ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌሎቹ ከዚያ ልክ እየተባዙና እየተከፈሉ ይወጣሉ፤ አራት ማዕዘኑ፣ ቅስቱ፣ ዓምዱ፣ ተዳፋቱ ሁሉ እርስ በርሱ ይገጥማል። ሙጫ የለውም። አንዱን ከሌላው የሚያቆላልፍ ጥርስም የለውም። ግንቡን የሚያቆመው የራሱ ክብደትና የልኩ ትክክለኛነት ብቻ ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ይወርዳል። የእኛ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጠጠር ደርድረው ግድግዳ የሚያቆሙበት ዘዴ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ጠጠሩ በልክ መሠራቱ ነው።

የእነዚህ ድንጋዮች ሐረግ የሚመዘዘው ፍሪድሪክ ፍሮብል ከሚባል መምህር ነው። ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የጨዋታ ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ዛሬ እኛ «መዋዕለ ሕፃናት» የምንለውን ነገር የጀርመንኛ ስሙን ሰጠው። ለልጆቹ ያዘጋጃቸውን የእንጨት ኪዩቦች «ስጦታዎች» ብሎ ጠራቸው። ከደንቦቹ ሁለቱ ለጉዳያችን ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ ልጁ ምንም ነገር ሲሠራ በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ቁራጮች አንዷንም ሳያስቀር ሁሉንም እንዲጠቀም ይፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ ሲጨርስ ኪዩቡን እንደነበረ ገጣጥሞ ወደ ሣጥኑ እንዲመልስ ያደርግ ነበር። የፕራሻ መንግሥት በ1851 እነዚህን የሕፃናት ማዋያዎች አገዳቸው። እገዳው የተነሳው በ1860 ሲሆን ፍሮብል ግን በ1852 ሞቷልና ያንን ቀን አላየም። ጨዋታ ዋዛ ነው ለሚሉን ሰዎች፣ መንግሥትን ያህል ነገር የኪዩብ ጨዋታ አስፈርቶት እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

የእንጨቱን ሐሳብ ወደ ድንጋይ የለወጡት ኦቶና ጉስታቭ ሊሊየንታል የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ኦቶ ያው በሠራው ክንፍ ከኮረብታ ላይ እየተነሳ በመብረር ስሙ የታወቀው፣ በ1896 ወድቆ የሞተው ሰው ነው። ንግዱ ግን አልሆነላቸውም፤ በ1880 መብቱን ለፍሪድሪክ አዶልፍ ሪሽተር ሸጡለት። ሪሽተር ከፍሮብል ከተማ ብዙም በማትርቀው በሩዶልሽታት መድኃኒት እየሠራ የከበረ ነጋዴ ነበር። በሣጥኑ ላይ የመርከብ መልሕቅ ምልክት አድርጎ ከአገር አልፎ ባሕር ማዶ ሸጠው። ብልሃቱ ደግሞ ይገርማል፤ ሣጥኖቹ ቁጥር ነበራቸው፣ ለእያንዳንዱም ተጨማሪ ሣጥን ተዘጋጅቶለት ነበር። ትንሹን የገዛ ቤተሰብ ጭማሪውን ሲገዛ ትንሹ ወደሚቀጥለው ትልቅ ሣጥን ይለወጣል። የነጋዴ ዘዴ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም አዲስ ሲመጣ አሮጌው አይጣልም ነበርና፣ ዛሬ በየዓመቱ ተሰብሮ ከሚጣለው ፕላስቲክ ጋር ሳስተያየው የሪሽተርን ስስት እመርጣለሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩዶልሽታት በምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ቀረች፤ ፋብሪካውም በ1963 ድንጋዩን መሥራት አቆመ። ከዚያ በኋላ ነው እኔን የሚያስገርመኝ ነገር የሆነው። ልጅ ሳሉ የተጫወቱበት ሰዎች አርጅተው፣ ሣጥኖቹን ከየቤታቸው ጣሪያ ሥር እያወረዱ አቧራቸውን ያራግፉ ጀመር። በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ የነዚህ ድንጋዮች ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ አባላቱ ሕፃናት ሳይሆኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በ1995 ደግሞ በዚያችው በሩዶልሽታት ድንጋዩ እንደገና መመረት ጀመረ። አዲሱ የተሠራው በአሮጌው ልክ ነው። ስለዚህ መቶ ዓመት ካለፈው ሣጥን አንድ ቅስት ቢጠፋ፣ የዚያኑ ቁጥር አዲስ ቅስት አምጥቶ በቦታው ማስገባት ይቻላል። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እንደሚታወቀው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ይላኩ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ጎረቤቴ ናቸው። የከባድ መኪና ሞተር ተምረው የተመለሱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንገድ ሥራ ላይ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የ68 ዓመት ሰው ናቸው። እዚያ ሳሉ ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች አንዲት አሮጊት እሑድ እሑድ ቤቷ ትጋብዛቸው ነበር። ቋንቋው ገና አልገባቸውም፤ እሷም ሌላ ቋንቋ አትችልም። ስለዚህ ሻዩ ከተጠጣ በኋላ የልጅነቷን ሣጥን ታወጣና ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ግንብ ሲያቆሙ ይመሻል። «ጀርመንኛ የተማርሁት በድንጋይ ነው» ይላሉ፤ «ከላይ»፣ «ከታች»፣ «ቀስ በል»፣ «ቆይ» የሚሉትን ቃላት መጀመሪያ የሰሙት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት እዚያው ጀርመን የሚኖረው ልጃቸው ሲመጣ አንድ ሣጥን ይዞላቸው መጣ። ሰውየው ክዳኑን ሲስቡት የተልባ ዘይቱ ሽታ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ወሰዳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ መኝታ ቤታቸው ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ይሠራሉ ያፈርሳሉ።

ወደ እኔ የመጣችው ሴት ልጃቸው ናት። የመድረሳ አስተማሪ ስለሆንሁ ፈትዋ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ለመልሱ ስዘጋጅ ነበር። ሙባህ የሆነን ነገር ሐራም ማለት እንደማይቻል፣ ሶላትን እስካላሳለፈ፣ ሐቅ እስካላስነካና ቁማር እስካልገባበት ድረስ የሚያስከለክል ነገር እንደሌለው ልነግራት አሰብሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው አሻንጉሊቶች እንደነበሯቸው፣ ከመካከላቸውም ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ፈረሱ ጠይቀው በመልሳቸው መሳቃቸው በሐዲስ ኪታብ ተመዝግቧል፤ እሱንም ልጠቅስላት ነበር። ጥያቄዋ ግን ሌላ ሆነ።

«ኡስታዝ፣ ሐላል መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ በዓመት አንድ ወር ቢገኙ ነው። ሲመጡም ይተኛሉ፤ ደክሟቸዋል ይባላል። አንድ ቀን አብረውኝ ቁጭ ብለው ተጫውተው አያውቁም። ለእኔ ያልነበረው ጊዜ ለድንጋይ ከየት መጣ?»

እንግዲህ ለዚህ ጥያቄ በኪታብ ምዕራፍ ገልጦ መመለስ አይቻልም። ለብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ የደረስሁበትንም ለእናንተ ለአንባብያን ላካፍል።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ መከላከያ ላንሳና ልጣለው። ትልቅ ሰው ሲጫወት የሚያዩ ደጋግ ሰዎች «አእምሮ ያነቃል፣ እጅ ያፍታታል፣ ጭንቀት ያስወግዳል» እያሉ ይሟገቱለታል። እውነትነቱን አልክድም፤ ነገር ግን ጨዋታውን መድኃኒት አድርገው ነው ያዳኑት። ጨዋታ የሚፈቀደው ጥቅሙ ሲቆጠር ብቻ ከሆነ፣ ነገ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ሲገኝ ሊከለከል ነው። ሰውየው ራሳቸው እንዲህ አይሉም። ለምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው «ሲቆም ደስ ይለኛል» ነው ያሉኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁባቸውም።

«ጊዜ ይበላል» የሚለው ክስ ደግሞ በዚህ ጨዋታ ላይ ሲሆን ደካማ ነው። ምክንያቱም ሣጥን አለው። ድንጋዮቹ በሣጥኑ ውስጥ የሚደረደሩት በንብርብር ነው፤ የእያንዳንዱ ንብርብር አደራደር በወረቀት ተስሎ አብሮ ይመጣል። አንዷ ድንጋይ ከቦታዋ ውጪ ብትገባ ክዳኑ አይዘጋም። ስለዚህ ጨዋታው የሚያልቀው ተጫዋቹ ሲደክመው ሳይሆን የመጨረሻዋ ድንጋይ ቦታዋን ስታገኝ ነው። የፍሮብል ሁለተኛ ደንብ እዚህም ሥራ ላይ አለ ማለት ነው። አሁን በየቤታችን በእጃችን የያዝነውን ስልክ አስቡት፤ ክዳኑ የት ነው? አንዱ ወሬ ሲያልቅ ሌላው ተደቅኖ ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ስልክ ላይ ያሳለፈ ሰው በቤታችን ማንም አይገረምበትም፤ ሁለት ሰዓት ድንጋይ ሲደረድር ያመሸ ሽማግሌ ግን ያነጋግረናል። እዚህ ላይ ፍርዳችን የተገላበጠ ይመስለኛል።

«ሠርቶ ካፈረሰው ምን ቀረ?» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት ሁልጊዜ ከሚጠፋ ሥራ ርቀው የሚኖሩ ወንዶች ናቸው። የእናቶቻችን ሥራ ምን ቀረለት? እንጀራው ተበላ፣ ልብሱ ታጥቦ ተመልሶ ቆሸሸ፣ የተጠረገው ግቢ ነፋስ መጣበት። የሚቀር ነገር የሥራ መለኪያ ከሆነ የቤተሰብ ኑሮ ግማሹ ከንቱ ሊባል ነው።

እንግዲህ ወደ ልጅቱ ልመለስ፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ለእሷ መልስ አይሆንምና። የእሷ ክስ በጨዋታው ላይ አይደለም፤ በጊዜው ላይ ነው።

ጊዜን እንደ ገንዘብ አድርገን ስለምናስብ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ለሌላው የሚሰጥ ይመስለናል። አባትዋ ግን የእሷን ሰዓት ወስደው ለድንጋይ አልሰጡም። የ35 ዓመት ሰው፣ በበረሃ ውስጥ የቆመ ሞተር ሥር ተኝቶ፣ ዛሬ የያዘው የዐስር ሰዓት ዕረፍት በእጁ አልነበረም። ያ ጊዜ ያኔ የትም አልነበረም፤ ሊሰጠውም ሊነፍገውም አይችልም። ይልቁንስ የያዘው ደመወዝ የሷን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሏል። በዳኛ ፊት ቢቆሙ ሰውየው ነጻ ናቸው። ልጅቱም ይህን ታውቃለች፤ ደጋግማ «አባቴን አልወቅስም» ብላኛለች።

ይሁን እንጂ በዳይ የሌለበት ነገር ሁሉ ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ጊዜ እናምታታለን። አንድ ሰው አዝኖ ሲመጣ ጥፋተኛ ፈልገን ካጣን፣ «እንግዲያው ምን ያሳዝንሃል?» እንለዋለን። ዝናብ ያጣ ገበሬ ማንም ሳይበድለው ይራባል። የዚህችም ልጅ ጉዳት እንዲህ ነው፤ ማንም አልሰረቃትም፣ ግን ጎድሎባታል።

ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋት ነገር የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ለድንጋዩ መመለስ ይቻላል። ሣጥን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቢተኛ 25 ሚሊ ሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጠፋውን አዲስ ይተካዋል፣ ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ከ32 ዓመት በኋላ ተከፍቶ በአሮጌው ልክ ይሠራል። በጨዋታው የመመለስ ደስታ ውስጥ ያለው ምስጢር ይኸው ይመስለኛል፤ እኛ ስንለወጥ እሱ ጠብቆናል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን አትጠብቅም። በስምንተኛው ዓመቷ ያቺ ልጅ የለችም። አባትዋ አሁን ሊጫወቱላት ቢፈልጉ የሚያገኙት የራሷ ልጅ ያላትን፣ የራሷ ድካም ያለባትን ሴት ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ የዚያ ዓመት ቅስት ቁጥሩ ተፈልጎ አይገኝለትም። ልጅቱን የሚያማት አባትዋ ደስ ሲላቸው ማየቷ አይደለም፤ መመለስ የሚቻልበትና የማይቻልበት ነገር በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ በር ተለይተው መኖራቸው ነው።

ታዲያ ድንጋዩን ይተዉት? በፍጹም አልልም። ቢተዉት ለእሷ የሚመለስላት ነገር የለም፤ አንድ ሽማግሌ ከዐስር እስከ መግሪብ ግድግዳ ሲያዩ ያመሻሉ፣ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ብቸኝነቱን ራሱን ልንቀማቸው አይገባም። አርባ ዓመት የሞተር ጩኸት የሰማ ጆሮ ዝምታ ቢፈልግ ሐቁ ነው፤ ይህ ጨዋታ ደግሞ ዝምታ ይወዳል። ቤተሰብ አንድ ላይ ይሁን ሲባል ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ይታይ ማለት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም።

ነገር ግን በሩ አለ። ያኔ ጊዜው ስላልነበረ መስጠት አልተቻለም፤ አሁን ግን ጊዜው አለ፣ ያለውም ከተዘጋ በር ጀርባ ነው። ያለፈውን ማንም አይጠይቃቸውም፤ የዛሬውን ግን ሊጠየቁ ይችላሉ። ፍሮብል እንኳ ሕፃናቱን በጨዋታ ብቻቸውን አልተዋቸውም፤ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ እናቶች ከጨቅላ ልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ለማሳየት ደክሟል። ጀርመናዊቷ አሮጊትም ቋንቋ ለማይሰማ እንግዳ ሣጥኗን የከፈተችው ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰውየው ያን ጨዋታ የወደዱት ከሰው ጋር ተቀምጠው ነው፤ የተመለሱበት ግን ለብቻቸው ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቃቸው የቀረ ይመስለኛል።

ልጅቱን «ለእኔ የነገርሽኝን ለእሳቸው ንገሪያቸው» አልኋት። «ለአባት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?» አለችኝ። ትንገራቸው አትንገራቸው አልጠየቅሁም። እኔ በበኩሌ ለሰውየው የልጃቸውን ቃል አላደረስሁም፤ አደራ ነውና። አንድ ነገር ብቻ አልኋቸው፤ መኝታ ቤቱ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ጠረጴዛውን ወደ ሳሎን ቢያወጡት ለዓይናቸው እንደሚሻል። አስበውበት አወጡት።

አሁን የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ይቆማል። አልፎ አልፎ ግንብ ይጥላል፤ ይቆጡታል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሰማያዊዎቹ የጣሪያ ድንጋዮች በየትኛው ንብርብር እንደሚገቡ ከአያቱ ይበልጥ ያውቃል። እናቱ ድንጋዩን ስትነካ አላየሁም። በቅርቡ ቅሬታዋ ግን ተለውጧል፤ ረከቦት የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ ትላለች።